«ባሌ ነው» አለች፦ ስለ «ሚስተር ኤንድ ሚሲዝ አይየር»

መጀመሪያ ከስሙ እንገላገል። ፊልሙ «ሚስተር ኤንድ ሚሲዝ አይየር» ይባላል። እናቴ ርእሱን ስነግራት «አቶ አየር እና ወይዘሮ አየር? የምን አየር ነው ደግሞ?» ብላ ሳቀችብኝ፤ ከዚያ ወዲህ እኔም በቁም ነገር መጥራት አቅቶኛል። አይየር ግን ደቡብ ሕንድ ውስጥ ቀላል ስም አይደለም። ቆይቼ እመለስበታለሁ፣ ምክንያቱም ፊልሙ በሙሉ የተንጠለጠለው እዚያ ስም ላይ ነው።

የሕንድ ፊልም ነው፣ ግን እናንተ አሁን በሐሳባችሁ የመጣው ዓይነት አይደለም። ተራራ ላይ ወጥቶ የሚጨፍር የለም። አንድ ሰው ሃያ ሰው አይደበድብም። ጥይት የበላ ጀግናም ዘፈኑን እስኪጨርስ ሞት አይጠብቀውም። እ.ኤ.አ. በ2002 (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የወጣ፣ ከቦሊውድ መንደር ውጭ የተሠራ፣ ሁለት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ድራማ ነው። ግማሹ አውቶቢስ ውስጥ ያልቃል፣ ግማሹ ጫካ ውስጥ ባለ አንድ አሮጌ ቤት። ጽፋ የሠራችው አፓርና ሴን ናት። ሴትዮዋ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች በታዋቂው የሕንድ ዳይሬክተር በሳትያጂት ሬይ ፊልም ተዋናይ ሆና የጀመረች፣ ከ1981 ወዲህ ደግሞ ዳይሬክተር የሆነች የኮልካታ ልጅ ናት።

እንዴት አገኘሽው ካላችሁኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ ሕንዳዊ መምህር ነበረን። ኢኮኖሚክስ ነው ያስተማረን፤ እንግሊዝኛው ለመልመድ አንድ ወር ይፈጃል፣ ከለመዱት በኋላ ግን ወርቅ ሰው ነበር። አንድ ቀን ልጆች ስለ ቦሊውድ ሲጠይቁት ትክት አለውና «ያንን ተዉትና ይሄን እዩ» ብሎ ሰሌዳው ላይ ርእሱን ጻፈልን። ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት፣ ረሳሁት። ስንት ዓመት ቆይቼ ቤት ሳጸዳ ደብተሩን አገኘሁት። ባለፈው እሁድ፣ ዝናቡ አላስወጣ ሲለን፣ ከእናቴ ጋር ቁጭ ብለን አየነው።

እናቴን ማወቅ አለባችሁ። ደሴ ተወልዳ ልጅ ሆና አዲስ አበባ የመጣች፣ የሕንድ ፊልም በሲኒማ ራስ እያየች ያደገች ሴት ናት። ዛሬም ወጥ ስታማስል የሕንድ ዜማ ታንጎራጉራለች፤ ቃሉን አታውቀውም፣ የራሷን ቃል ትሞላበታለች። ስለዚህ ፊልሙ ሲጀምር መሀረቧን አዘጋጅታ ነበር። ከዚህ በታች ታሪኩን እስከ መጨረሻው ነው የማወራው፤ ሳላየው አትንገሩኝ የምትሉ ሰዎች እዚህ ጋ አቁሙና አይታችሁ ተመለሱ።

ሚናክሺ አይየር ወጣት እናት ናት። ሳንታናም የሚባል ሕፃን ልጅ አላት። ወላጆቿ ጋ ሰንብታ ወደ ባሏ ወደ ኮልካታ ልትመለስ ነው። ጉዞው ረጅም ነው፤ መጀመሪያ በአውቶቢስ ከተራራው መውረድ፣ ከዚያ በባቡር። ወላጆቿ ብቻዋን መሄዷ አሳስቧቸዋል። በሚያውቁት ሰው በኩል አንድ ራጃ የሚባል ወጣት ይተዋወቃሉ፤ የዱር አራዊት ፎቶ አንሺ ነው፣ እሱም በዚያው አውቶቢስ ነው የሚሄደው። «አደራ ልጃችንን» ይሉታል። እንግዲህ በአደራ ነው የተጀመረው። እናቴ እዚህ ጋ ገና በአምስተኛው ደቂቃ «በቃ አለቀላት» አለች።

አውቶቢሱን ወድጄዋለሁ። ረጅም መንገድ በአውቶቢስ የሄደ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት ነው። ከኋላ የሚዘፍኑ ወጣቶች አሉ። ካርታ የሚጫወቱ ወንዶች አሉ። ሲኮች፣ እነዚያ ጥምጣም የሚያስሩት የሌላ ሃይማኖት ተከታዮች፣ አሉ፤ አዲስ የተጋቡ የሚመስሉ ልጆች አሉ፤ የአእምሮ እድገት ችግር ያለበት ልጇን ይዛ የምትጓዝ እናት አለች። ሁለት ሙስሊም ሽማግሌ ባልና ሚስት አሉ። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ሰው ይነጫነጫል፣ ራጃ ይረዳታል። ልጁን ይይዝላታል። ውሃ ይሰጣታል፣ ትጠጣለች። ስለ ምንም ነገር ያወራሉ። እሷ ትንሽ ኮራ ያለች፣ ጨዋ ቤት ያደገች መሆኗን ማሳወቅ የምትወድ ናት፤ እሱ ዝም ያለ።

አሁን ወደ ስሙ። አይየር የታሚል፣ ማለትም የደቡብ ሕንዱ ሕዝብ፣ ብራህሚኖች መጠሪያ ነው። ብራህሚን ማለት በሂንዱ የዘር መደብ ከላይ የተቀመጠው፣ የካህናቱ ወገን ነው፤ የታሚል ብራህሚን ደግሞ በባህሉ ሥጋ የማይበላ፣ ከማን እጅ ምን እንደሚቀበል እየመረጠ ያደገ ነው። ስለዚህ «አይየር» ያለ ሰው ሃይማኖቱንም፣ መደቡንም፣ ምን እንደሚበላም በአንድ ቃል ተናገረ ማለት ነው። «ራጃ ቾውድሪ» ግን ምንም አይናገርም። ራጃ ንጉሥ ማለት ነው፤ ቾውድሪን ኮልካታ ባለችበት በቤንጋል ሂንዱም ሙስሊምም ይጠራበታል። እኛም ጋ እኮ እንዲህ ነው። ገብረ ሚካኤልና አብዱልቃድር ከሩቁ ይታወቃሉ፣ ደስታና ሰላም የሚባሉት ግን እስኪናገሩ ድረስ አይታወቁም። የልጁ ሙሉ ስም ጀሃንጊር ቾውድሪ ነው። ጀሃንጊር በ1600ዎቹ መጀመሪያ ሕንድን የገዛ የሙጋል፣ ማለትም የሙስሊም ሥርወ መንግሥት፣ ንጉሥ ስም ነው፤ ይሄንን ስም የሰማ ሕንዳዊ ሁለተኛ ጥያቄ አያስፈልገውም።

አካባቢው ላይ ሁከት ይነሳል። አውቶቢሱ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ሰዓት እላፊ ይታወጃል። ያኔ ነው ራጃ ለሚናክሺ በቀስታ ሙስሊም መሆኑን የሚነግራት። እና ምን ታደርጋለች? ልብ በሉ፣ መንጋ እየመጣ ነው፣ ሰውየው ሊገደል ይችላል። እሷ ግን መጀመሪያ የምታስበው ውሃውን ነው። ከሱ ኮዳ ጠጥቻለሁ! አትንካኝ ትለዋለች። ፊቷ ላይ የሚታየው ፍርሃት አይደለም፣ መጸየፍ ነው፣ ያውም ያልፈለገችው፣ ከሷ ቀድሞ የወጣ መጸየፍ። ኮንኮና ሴን ሻርማ ይሄንን የሠራችበት መንገድ ሆዴን አሞኛል።

እናቴ ፊልሙን አስቆመችኝ። «ውሃውን? ሥጋውን እኛም አንበላላም፤ ውሃ ግን ምን አደረገ?» አለች። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ያህል ስለ ደሴ አወራችኝ። በዓል ሲደርስ ለሙስሊም ጎረቤቶቻቸው በሙስሊም እጅ የታረደ ለብቻ ይዘጋጅ እንደነበር፣ ድስቱ ለብቻ፣ ማማሰያው ለብቻ፣ ቡናው ግን የጋራ። «እሱ መከባበር ነው፤ ይሄኛው ግን ንቀት ነው» አለች። ልክ ናት፣ ግን እኔ ደግሞ ነገር መፈለግ እወዳለሁ። «የአያቴ እህትስ?» አልኳት። የአያቴ እህት ሙስሊም አግብታ፣ ሰልማ፣ ልጆች ወልዳ ነው የሞተችው፤ ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ብርቅ አይደለም። ብርቅ ባይሆንም እናቴ ስለሷ ስታወራ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። «እሷማ ሌላ ነው» አለችና ፊልሙን ራሷ አስቀጠለችው።

ራጃ ከአውቶቢሱ ወርዶ ልሂድ ይላል። ፖሊስ ግን ተመለስ ብሎ ይመልሰዋል። ከዚያ መንጋው ይመጣል።

ይሄንን ክፍል በዝርዝር አልተርክም፤ አንድ ሁለት ነገር ብቻ። መንጋው አውቶቢሱ ላይ ወጥቶ ስም ይጠይቃል። ስሙ የማያሳምን ወንድ ሱሪውን ማውረድ አለበት፤ ሙስሊም ይገረዛል፣ ሂንዱ አይገረዝም። (ለኛ ሀገር ሰው ይሄ እንግዳ ነው፣ እኛ ጋ ክርስቲያኑም በስምንተኛ ቀኑ ይገረዛል፤ በዚህ መለየት አይቻልም። መለያ የሚፈልግ ሰው ግን ሌላ መለያ አያጣም።) ተሳፋሪዎቹ መካከል አንድ አይሁዳዊ አለ። እሱም የተገረዘ ነው። ቢፈትሹት ማን ነኝ ብሎ ያስረዳል? በፍርሃት ጣቱን ይቀስርና ሁለቱን ሽማግሌዎች ያሳያል። «እነሱ ናቸው ሙስሊሞቹ»። ሽማግሌዎቹን ጎትተው ወደ ጨለማው ይወስዷቸዋል። በቃ። ደም የምናየው ብዙ አይደለም። የምናየው አውቶቢስ ሙሉ ሰው ዝም ሲል ነው። ከወጣቶቹ አንዷ ብቻ ተነስታ ትጮኻለች፤ ይመቷታል።

ያንን አይሁዳዊ ልጠላው ፈለግኩ፣ አልቻልኩም። እኔ እዚያ ወንበር ላይ ብሆን ምን አደርግ ነበር? መንገድ ላይ አውቶቢስ ቆሞ፣ «ውረዱ፣ መታወቂያ አውጡ» ሲባል እጁ የተንቀጠቀጠ ሰው ይሄንን ትዕይንት እንደ ፊልም አያየውም። እናቴ ያኔ መሀረቧን አወጣች፣ ግን ለማልቀስ አልነበረም፤ በእጇ ስትጠመዝዘው ነበር።

አንድ ነገር ከፊልሙ በኋላ አንብቤ ነው ያወቅኩት። ሽማግሌውን ሆኖ የሚጫወተው ቢሻም ሳህኒ ነው፤ ተዋናይ ከመባሉ በፊት ትልቅ የሂንዲ ደራሲ ነው። የተወለደው ራዋልፒንዲ፣ ዛሬ ፓኪስታን በሆነው በኩል ነው፤ ሕንድ በ1947 ለሁለት ስትከፈል ከተፈናቀሉት ሂንዱዎች አንዱ ነበር፣ ታዋቂውን ልብ ወለዱን የጻፈውም ስለዚያ ጊዜ ሁከት ነው። ሰማንያ አልፎት፣ ሊሞት አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው፣ በሂንዱ መንጋ ተጎትቶ የሚወሰድ ሙስሊም ሽማግሌ ሆኖ ተጫወተ። ሚስቱን የምትጫወተው ሱሬካ ሲክሪም በዚያው ልብ ወለድ የቴሌቪዥን ፊልም ላይ ሠርታ ብሔራዊ ሽልማት ያገኘች ናት። ዳይሬክተሯ እነዚህን ሁለት ሰዎች በአጋጣሚ የመረጠች አይመስለኝም። ሁለተኛ ጊዜ ሳየው ሽማግሌው ገና አውቶቢሱ ላይ ተቀምጦ ሳለ ማየት ከበደኝ።

ወደ አውቶቢሱ እንመለስ። ራጃ ሽማግሌዎቹ ሲጎተቱ ሊነሳ ይላል። ሚናክሺ ምን ታደርጋለች መሰላችሁ? ልጇን አንስታ ጭኑ ላይ ታስቀምጣለች። ያዝ ትለዋለች፣ በትእዛዝ። ሕፃን የያዘ ሰው እንዴት ይነሳል? ከዚያ መንጋው ሲጠይቃት ሚናክሺ አይየር ነኝ፣ ይሄ ባሌ ነው፣ ሚስተር አይየር ይባላል ትላለች። ከአንድ ሰዓት በፊት ውሃውን የተጸየፈችው ሴት! ልጇን በእጁ፣ ስሟን በላዩ አደረገችለት። ለምን እንዳደረገችው ፊልሙ አያስረዳም፣ እሷም የምታውቀው አይመስልም። ያደገችበት ነገር ሁሉ አትንኪው እያላት፣ እጇ ቀድሞ ሄደ። እኔ የፍቅር ፊልም ብዙ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ «ባሌ ነው» ግን አልሰማሁም። ደግሞ ውሸት ነው እኮ።

ከዚህ በኋላ ውሸቱን መኖር አለባቸው። ጠዋት ተሳፋሪው ሁሉ በእግሩ ወደ ቅርብ መንደር ይሄዳል። ማረፊያ ይጠፋል። ትናንት ማታ ያገኙት የፖሊስ አዛዥ ባልና ሚስት መስለውት ያዝንላቸውና ጫካ ውስጥ ያለ፣ ሰው የማይኖርበት የእንግዳ ማረፊያ ይሰጣቸዋል። ለመኝታ የሚሆነው ክፍል አንድ ብቻ ነው። እንግዲህ «አንድ አልጋ ብቻ» የሚለውን የፍቅር ፊልም ዘዴ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እኔም ዓይኔን አንከባለልኩ። ግን እዚህ ሌላ ነገር ይሆናል። ሴትዮዋ አብራው አትተኛም፣ ይጣላሉ፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ ዘር መደብ በደንብ ይነጋገራሉ፣ እሱ ውጭ ይተኛል። ጠዋት ስትነሳ ታጣዋለች። ትታኝ ሄደ ብላ ትቆጣለች፣ ትደነግጣለች፣ ከዚያ ውጭ ተኝቶ ስታየው ፊቷ እንዴት እንደሚሆን ራሳችሁ እዩት። ምንም ቃል የለውም።

የኔ ምርጥ ትዕይንት ግን የመንደሩ ምግብ ቤት ነው። ከአውቶቢሱ ወጣት ልጃገረዶቹን እዚያ ያገኟቸዋል። ልጆቹ ጓጉተዋል። የት ተዋወቃችሁ? ማን ቀድሞ ወደደ? የጫጉላ ሽርሽር የት ሄዳችሁ? እነዚህ ሁለቱ ደግሞ እዚያው በዚያው መፍጠር ይጀምራሉ። አንዱ ይጀምራል፣ አንዷ ትቀጥላለች። ደኖችን፣ ቦታዎችን፣ ቀኖችን ይጠራሉ። መጀመሪያ ማምለጫ ነው፤ ቀስ እያለ ግን ደስ እያላቸው ይሄዳል፣ እውነት ቢሆን ምን እንደሚመስል ሁለቱም እያዩት ነው። ልጃገረዶቹ ይስቃሉ፣ እኛም እንስቃለን፣ እና በመሀል ይሄ ፎንቃ በውሸት ታሪክ ውስጥ ካልሆነ በቀር የትም ቦታ እንደሌለው ይገባናል። ቅናት የሚባል ነገር እንኳ የለም፣ ጩኸት የለም። እናቴ «እየው፣ ወደዳት» አለች። እኔ ደግሞ «እሷስ?» አልኳት። «እሷማ ድሮ» አለችኝ።

ስለ ትወናው ትንሽ። ኮንኮና የዳይሬክተሯ ልጅ ናት። ሳውቅ «አይ ዘመድ አዝማድ» አልኩ በሆዴ። ከዚያ አፌን ዘጋሁ። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። በእናቷ በኩል የቤንጋል ልጅ ሆና የታሚል ሴት እንግሊዝኛ የምትናገርበትን ዜማ፣ ሳሪዋን የምታስተካክልበትን፣ ልጁን የምታባብልበትን ሁሉ እንደ ተወለደችበት ነው ያመጣችው፤ በዚሁ ሥራ የሕንድን ብሔራዊ የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ወስዳለች። እናትየዋም በምርጥ ዳይሬክተርነትና በስክሪፕት ተሸልማለች። ራጃን የሚጫወተው ራሁል ቦስ ነው። ለሕንድ ብሔራዊ ቡድን ራግቢ የተጫወተ ሰው ነው ቢባል ማን ያምናል፣ እዚህ ላይ እንደ ድመት ነው የሚራመደው።

ፊልሙ የሚናገረው በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። ለውጭ ሀገር ገበያ ብላ ነው የሚል ሰው ይኖራል፣ እኔ ግን እንደዚያ አላየሁትም። እሷ ታሚል፣ እሱ ቤንጋሊ፤ ሁለቱም በቤታቸው ቋንቋ ቢናገሩ አይግባቡም። ስለዚህ የሁለቱም ባልሆነ ቋንቋ ነው የሚዋደዱት። ሲናደዱና ሲደነግጡ ብቻ ወደ የራሳቸው ይመለሳሉ። እኔ ያየሁት ቅጂ ሰብታይትሉ ግን ውርደት ነበር፤ ታሚሉን ጭራሽ ዘሎታል፣ አንዳንዴ አፍ ከዘጉ በኋላ ነው ጽሑፉ የሚመጣው። ደህና ቅጂ ፈልጉ።

ሙዚቃው የዛኪር ሁሴን ነው፣ በታህሳስ 2024 (እ.ኤ.አ.) ያረፈው የታብላ ከበሮ ንጉሥ። እዚህ ግን ከበሮውን አያሳይም፤ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ነው። ካሜራውን የያዘው ጎታም ጎሽ ራሱ ዳይሬክተር የሆነ ሰው ነው፤ የሰሜን ቤንጋልን ጫካ ሲያነሳው ጭጋጉ ይቀዘቅዛችኋል። ጋቢ ደርባችሁ እዩት።

አሁን ያልወደድኩትን። ራጃ ከልክ በላይ ጥሩ ሰው ነው። ሴትዮዋ «አትንካኝ» ስትለው እንኳ አይቆጣም። ሰውየው አንዴ ቢጮህባት፣ አንዴ ቢሰድባት፣ ሙስሊሙ በሂንዱ ተመልካች ዘንድ ለመወደድ መልአክ መሆን አለበት ወይ ብዬ ባልጠየቅኩ ነበር። እሷ ሰው ናት፣ ጉድለቷ ያስጠላል፣ ስለዚህ ታምኗታላችሁ፤ እሱ ግን የሆነ ቦታ ላይ ከፖስተር የወጣ ይመስላል። ሁለተኛ፣ የአውቶቢሱ ወጣቶች። አቤት ሲያሰለቹ! ዘፈናቸውም ወሬያቸውም ተጠንቶ የተጻፈ ነው፣ ማንም ወጣት እንደዚያ አያወራም። ሦስተኛ፣ ጫካው ቤት ውስጥ መሀል ላይ ትንሽ ይጎትታል። ሁለቱ ስለ ሃይማኖት የሚከራከሩበት ቦታ ላይ ሰዎቹ ሳይሆኑ ዳይሬክተሯ የምታወራ የሚመስልበት ጊዜ አለ። እናቴ እዚያ ጋ እንጀራ ልታወጣ ተነሳች።

ልጆች ይዛችሁ አትዩት፤ የአውቶቢሱ ሌሊት ብቻ አይደለም። ጫካው ቤት ሳሉ አንድ ማታ ሰው ሲታረድ ያያሉ። ድንገት ነው የሚመጣው። ሚናክሺ ትንቀጠቀጣለች፣ ራጃ ያጽናናታል። «አትንካኝ» ያለችው ሴት ናት አሁን እጁን የያዘችው። ዳይሬክተሯ ግን እዚያ ላይ ሙዚቃ አትጨምርበትም፣ ይሄንን አከበርኩላት። በመካከላቸው ከዚህ ያለፈ ነገር አይፈጠርም። እሷ ባለትዳር ናት፣ እሱም ያውቃል፣ ሕፃኑም መሀላቸው ተኝቷል።

ሰዎች «ያረጀ ፊልም ነው» ሊሉ ይችላሉ። እኔ ምን ያህል እንዳላረጀ ነው የገረመኝ። ስክሪፕቱ ተጽፎ ካለቀ በኋላ፣ ፊልሙ ለሕዝብ ሳይቀርብ፣ በፌብሩዋሪ 2002 ጉጃራት ውስጥ ጎድራ በምትባል ከተማ ባቡር ተቃጥሎ 59 ሰው ሞተ፣ አብዛኞቹ ሂንዱ ተጓዦች። ከዚያ በተከተለው ሁከት በመንግሥት ቁጥር እንኳ ከ1,000 በላይ ሰው አለቀ፣ ብዙው ሙስሊም። ፊልሙ ሐምሌ ላይ ሲወጣ ተመልካቹ ልብ ወለድ አይደለም ያየው። ዛሬም ሕንድ ውስጥ ሁለት ሃይማኖት ያላቸው ሰዎች መጋባት ቢፈልጉ ሕጉ ይፈቅድላቸዋል፤ በ1954 የወጣ የጋብቻ ሕግ አላቸው። ግን የ30 ቀን ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ ተቃዋሚ ካለ እንዲመጣ። ሠላሳ ቀን! ቤተሰብ እስኪሰማ፣ መንደር እስኪሰበሰብ ይበቃል። ከ2020 ወዲህ ደግሞ ኡታር ፕራዴሽን የመሳሰሉ ክልሎች ለጋብቻ ብሎ ሃይማኖት መቀየርን የሚያስቀጣ ሕግ አውጥተዋል። እኛ ጋ ማዘጋጃ ሄዶ ለመፈራረም ሃይማኖትህ ምንድነው ብሎ የሚከለክል ሕግ የለም። አንዲት ጓደኛዬ ግን አራት ዓመት ከወደደችው ልጅ ጋር ማዘጋጃው በር ድረስ እንኳ አልደረሰችም፣ ሳሎናቸውን ማለፍ አቅቷት።

መጨረሻው። መከላከያ ሠራዊቱ አጅቦ ባቡር ጣቢያ ያደርሳቸዋል፤ ሌሊቱን በባቡር ወደ ኮልካታ ይሄዳሉ። ባቡሩ ሲቃረብ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ጣቢያው ላይ ባሏ እየጠበቀ ነው፣ እውነተኛው ሚስተር አይየር። ክፉ ሰው አይደለም። ፊልሙ ክፉ እንዲሆን አላደረገውም፣ እንደዚያ ቢያደርገው ምን ያህል ቀላል ነበር። ደስ ብሎት ልጁን ይቀበላል። ሚናክሺ ራጃን ታስተዋውቀዋለች፦ ጀሃንጊር ቾውድሪ ይባላል፣ ሙስሊም ነው፣ በሰዓት እላፊው ጊዜ የረዳኝ እሱ ነው ትላለች።

እዚህ ጋ ነው እኔ የተሸነፍኩት። ሙሉ ስሙን ከሷ አፍ የምንሰማው እዚህ ነው። በውሸት ስም ከሞት አተረፈችው፣ የራሷ አደረገችው፤ በእውነተኛ ስሙ ስትጠራው ደግሞ ሸኘችው። ለባሏ ምንም አልዋሸችም። ራጃ ከቦርሳው አንድ የፎቶ ፊልም ጥቅል አውጥቶ ይሰጣታል። የጉዞው ፎቶ ነው፣ ገና አልታጠበም። ይሰናበታሉ። አለቀ።

ከአሥር ስምንት እሰጠዋለሁ። ወጣቶቹ ባይዘፍኑ ዘጠኝ ነበር።

እኔ ስሙ ላይ እያለቀስኩ ነው፣ እናቴ ግን ስለ ስሙ ግድ የላትም። እሷ የያዛት ጥቅሉ ነው። «ታሳጥበው ይሆን?» አለች። እኔ በፍጹም አላሳጥበውም፣ መሳቢያ ውስጥ ይኖራል፣ አርጅታ ስትሞት ልጁ ነው የሚያገኘው አልኩ። እናቴ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ቡናው እስኪፈላ አሰበችበት፣ አንደኛውን አፍልታ፣ ቶናውን ጨምራ አሁንም እያሰበች ነው።

«ታሳጥበዋለች» አለች በመጨረሻ። «ግን እሷ ልጅ ይዛ የት ትሄዳለች? ፎቶ ቤት ሄዶ የሚያመጣላት ባሏ ነው።»